ፌደረር በ1998 ዓ.ም. ስንት ግራንድ ስላም አሸነፈ? ከጎንደር የጥያቄና መልስ መድረክ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ጎንደር የኳስ ከተማ ናት። አፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ የነበረውን ጭፈራ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ቴኒስ ወዳዱ ግን ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ዲኤስቲቪ ቤት ጥግ ይዞ ይቀመጥና ኳሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ካለቀ በኋላ ባለቤቱን ለምኖ ቻናል ያስቀይራል።

ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። በክረምት እረፍት በአንድ የወጣቶች ማዕከል የስፖርት ጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጃል። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳና ከሳሙናበር አንዳንድ ቡድን ይመጣል። ሽልማቱ የፋሲል ከነማ ማሊያ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ኳስና አትሌቲክስ ነበር። በዚህኛው ዙር ግን መምህሩ አንድ የቴኒስ ክፍል ጨመረ። ክፍሉ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለ ሮጀር ፌደረር።

ፌደረርን የመረጠበት ምክንያት ጥሩ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ከውድድር ዓለም ወጥቷል። መዝገቡ ተዘግቷል። ነገ ተነስቶ አንድ ዋንጫ ጨምሮ መልሱን የሚያበላሽ የለም። መምህሩም "የማያከራክር ክፍል" ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። ያከራከረው ግን ያ ክፍል ብቻ ሆነ።

እኔ በኋላ ነገሩን እንዲያጣሩ ከተጠሩት አንዱ ነኝ። ሰዎቹን በስም አላነሳም።

ችግሩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ "ሮጀር ፌደረር በ1998 ዓ.ም. ስንት ግራንድ ስላም አሸነፈ?"

ግራንድ ስላም የሚባሉት የቴኒስ አራቱ ታላላቅ ውድድሮች ናቸው፦ አውስትራሊያን ኦፕን፣ የፓሪሱ ፍሬንች ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን። ቡድኖቹ መልሳቸውን በወረቀት ጽፈው አሳዩ። ማራኪና አራዳ 3 አሉ። ሳሙናበር 2 አለ። አዘዞ 4 አለ። የመምህሩ መልስ 3 ነበር። ለሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተሰጠ፤ ጭብጨባም ተከተለ። ወዲያው ከአዘዞ ቡድን አንድ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ተነስቶ ጮኸ፦ "ቲቸር፣ ጳጉሜን ረሱት እኮ!"

አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም።

ሦስቱም መልስ ዝም ብሎ የተገመተ አልነበረም። ሳሙናበሮች ከአውሮፓ ዓመት 7 መቀነስን ያውቃሉ፤ ስለዚህ 1998ን 2005 አደረጉት። በ2005 ፌደረር ዊምብልደንንና ዩኤስ ኦፕንን አሸንፏል፤ 2 ነው። መምህሩና ሁለቱ ቡድኖች ደግሞ 8 ቀነሱ፤ 2006 አሉ። በዚያ ዓመት አውስትራሊያን ኦፕንን፣ ዊምብልደንንና ዩኤስ ኦፕንን ወስዷል፤ 3 ነው። የአዘዞው ልጅ ግን አልቀነሰም። ፍጻሜዎቹ የተካሄዱበትን ቀን አንድ በአንድ ወስዶ ወደ እኛ አቆጣጠር አዙሮታል።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ሌላ ተጨመረ። "ፌደረር የዓለም ቁጥር 1 ሆኖ ስንት ሳምንት ቆየ?" ለሚለው አንዱ 310፣ አንዱ 237 አለ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። 310 በጠቅላላው ነው። 237 ደግሞ ሳይቋረጥ የቆየበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2004 እስከ ነሐሴ 2008። ጥያቄው የትኛውን እንደፈለገ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይስማ! ክርክሩ የቴኒስ መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ሆነ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ መምህሩ ለማብረድ ለአዘዞ ግማሽ ነጥብ ልስጥ አለ። ይሄ እሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። ትክክል ከሆነ ለምን ግማሽ? ስህተት ከሆነ ለምን ግማሽ? ከማዕከሉ ኮሚቴ አንድ አባት "እጅ አውጡና ይለቅ" አሉ። ከማራኪ የመጣው ደጋፊ ብዙ ስለነበር የእጁ ውጤት ሳይቆጠር ይታወቃል። እሱም ቀረ።

ከዚያ ክፍሉ ተቋረጠ፤ የቀሩት ጥያቄዎች ቀጠሉ። የቴኒሱ ነጥብ ተይዞ እንዲቆይና ጥቂት ሰዎች እንዲያጣሩት ተስማሙ። በእኔ ግምት ከሁሉ የጠቀመው እርምጃ ይህ ነው። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቁጥር አይጣራም።

ስንሰበሰብ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። አንድ ገጽ ሙሉ በሁለት ዓምድ ከፍሎታል። በግራ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአውሮፓ ቀን፣ በቀኝ በቀይ የእኛ ቀን። አራት መስመር ላይ ደርቦ አስምሮበታል። እነሱም እነዚህ ናቸው፦

መስከረም 1 ቀን 1998፦ ዩኤስ ኦፕን፣ አንድሬ አጋሲን አሸንፎ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11፣ 2005)።
ጥር 21 ቀን 1998፦ አውስትራሊያን ኦፕን፣ ማርኮስ ባግዳቲስን አሸንፎ (ጃንዋሪ 29፣ 2006)።
ሐምሌ 2 ቀን 1998፦ ዊምብልደን፣ ራፋኤል ናዳልን አሸንፎ (ጁላይ 9፣ 2006)።
ጳጉሜን 5 ቀን 1998፦ ዩኤስ ኦፕን፣ አንዲ ሮዲክን አሸንፎ (ሴፕቴምበር 10፣ 2006)።

ልብ በሉ፤ አንደኛው የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ነው፣ አራተኛው የመጨረሻው። ሰውየው በእንቁጣጣሽ ዕለት ኒውዮርክ ላይ ዋንጫ አነሳ። ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው ደግሞ እዚያው ቦታ ያንኑ ዋንጫ ደገመው። በመካከል ሰኔ 4 ቀን ፓሪስ ላይ በናዳል ተሸንፏል። ስለዚህ በእኛ 1998 ዓ.ም. የተካሄዱት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች አምስት ናቸው፤ ፌደረር አምስቱም ላይ ተሰልፏል፤ አራቱን አሸንፏል። እኔ ይህን ሳይ ለጊዜው ክርክሩን ረስቼ ገጹን ብቻ አየሁ።

ቀጥሎ የጳጉሜን ጉዳይ መጣ። ጳጉሜን በዚያ ዓመት 5 ናት ወይስ 6? 6 ብትሆን ኖሮ የመጨረሻው ቀን ሌላ ይሆናል፤ ሁሉም ቀን በአንድ ይዛነፋል ብሎ የሰጋ ነበር። ከመካከላችን አንድ ዲያቆን ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ። ስልኩን እንኳ አላወጣም። 5500 ላይ 1998 ደመረ፤ 7498። ለአራት ሲያካፍለው ሁለት ተረፈ። "ዘመነ ማርቆስ ነው፤ ጳጉሜን አምስት ናት። ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ነው" አለ። በጎንደር እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ለቴኒስ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ከዚያ የማራኪ ተወካይ ጠንከር ያለ መከራከሪያ አመጣ። የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ የሚጀምረው በኒውዮርክ ከሰዓት በኋላ ነው። በሴፕቴምበር በእነሱና በእኛ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። ጨዋታው እኛ ዘንድ ወደ እኩለ ሌሊት ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፌደረር ሮዲክን ሲያሸንፍ ጎንደር ላይ ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1999 ሆኗል፤ አራቱ ሦስት ሆነ! ብልህ መከራከሪያ ነው። ዲያቆኑ "በእኛ ሌሊቱ እስኪነጋ ያው ጳጉሜን 5 ነው" ብሎ ሊመልስ ሞከረ። ያኛው በዚህ አልተረታም፤ የስልክ ሰዓት በእኩለ ሌሊት ቀን ይቀይራል አለ።

የፈታው አንድ ደንብ ነው፦ የጨዋታው ቀን ጨዋታው የተካሄደበት ቦታ ቀን ነው። የዓለም መዝገብ ሁሉ የሚያዘው እንደዚያ ነው። ሜልቦርን ላይ የተደረገ ጨዋታም በሜልቦርን ቀን ይጻፋል። ደንቡን አስቀድመን ጽፈን፣ ከዚያ ለሁሉም ፍጻሜዎች እኩል ሠራንበት።

ደንቡ ትክክል መሥራቱን ለማየት 20ዎቹንም ግራንድ ስላም በእኛ ዓመት ደለደልን። በ1995 አንድ፣ በ1996 ሁለት፣ በ1997 ሁለት፣ በ1998 አራት፣ በ1999 ሦስት፣ በ2000 አንድ፣ በ2001 ሁለት፣ በ2002 አንድ፣ በ2004 አንድ፣ በ2009 ሁለት፣ በ2010 አንድ። ድምሩ 20። አንድም አልተረፈ፣ አንድም ሁለቴ አልተቆጠረ። ይህ ድምር ከማንም ንግግር በላይ አፍ አስያዘ።

ውሳኔው፦ ጥያቄው "ዓ.ም." ስለሚል መልሱ 4 ነው። ነጥቡ ለአዘዞ ተሰጠ፤ ከማራኪና ከአራዳ ግን አልተቀነሰም፤ ያደናገራቸው ጥያቄው ነውና። ስንት ሳምንት ቁጥር 1 ሆኖ ቆየ የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ።

ከክርክሩ የተወለደው የመዝገብ ወረቀት

መምህሩ በዚህ አላበቃም። ለቀጣዩ ዙር ስለ ፌደረር ሙሉ የውጤት ወረቀት እናዘጋጅ አለ። የመጀመሪያው ወረቀት አልሠራም። የሰርቭ (ኳስ የማስጀመሪያ ምት) መቶኛ፣ የብሬክ ፖይንት መቶኛ፣ የዚህ መቶኛ፣ የዚያ መቶኛ ተደርድሮ ማንም አላነበበውም። ሁለተኛው ቁጥሩን ቀንሶ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን "እንዴት ተቆጠረ?" የሚል ዓምድ ጨመረ። ያ ተነበበ። ከእሱ ሦስት ቦታ ላይ ልቆይ።

የመጀመሪያው የድልና የሽንፈት ቁጥር ነው። በነጠላ (አንድ ለአንድ) ጨዋታ 1,251 ድል፣ 275 ሽንፈት፤ በጠቅላላው 1,526 ጨዋታ። ወደ 82 በመቶ አሸንፏል ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ሳይጫወቱ የታለፉ ጨዋታዎች የሉም። በ2014 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በዓመቱ መዝጊያ ውድድር ፍጻሜ ፌደረር በጀርባ ሕመም ሳይሰለፍ ቀረ፤ ዋንጫውን ተጋጣሚው ኖቫክ ጆኮቪች ወሰደ። ዋንጫው ተቆጥሯል፤ ጨዋታው ግን አልተቆጠረም። የሁለቱ የእርስ በርስ ውጤት 27 ለ 23 በጆኮቪች መሪነት የሚባለውም ያንን ሳይጨምር ነው። ጨዋታ ጀምሮ ማቋረጥ ግን ሌላ ነው፤ ያ ላቋረጠው ሽንፈት ሆኖ ይመዘገባል። ፌደረር በ1,526 ጨዋታ አንድም ጊዜ ጀምሮ አላቋረጠም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ20ው ዋንጫ ይልቅ ይሄ ይገርመኛል።

ሁለተኛው ከናዳል ጋር ያለው ውጤት ነው። 24 ለ 16 ናዳል ይመራል። ይህን ቁጥር ብቻ የሰማ ነገሩን የጨረሰ ይመስለዋል። በሜዳ ሲከፈል ግን በሸክላ ሜዳ ናዳል 14 ለ 2፣ በጠንካራ ሜዳ ፌደረር 11 ለ 9፣ በሣር ፌደረር 3 ለ 1 ነው። አንዱ ወጣት ወዲያው ሸክላውን አውጥቶ "ፌደረር 14 ለ 10 ይመራል" አለ። ሒሳቡ ልክ ነው። መምህሩ ግን "ሸክላውን ማን አውጣ አለህ? እሱም ቴኒስ ነው" ብሎ ወረቀቱ ላይ ሦስቱንም መስመር አብሮ አስቀመጠ። የፌደረር 103 ዋንጫዎችም እንደዚያው ተከፈሉ፤ 71 በጠንካራ ሜዳ፣ 19 በሣር፣ 11 በሸክላ፣ 2 በምንጣፍ።

ሦስተኛውና ብዙ ሰዓት የወሰደው የ2019 እ.ኤ.አ. የዊምብልደን ፍጻሜ ነው። 4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ የፈጀ ጨዋታ። ፌደረር 218 ነጥብ አገኘ፤ ጆኮቪች 204። ፌደረር 36 ጌም ወሰደ፤ ጆኮቪች 32። ፌደረር 25 ኤስ (ተቀባዩ ያልነካው ሰርቭ) መታ፤ ጆኮቪች 10። ዋንጫውን ጆኮቪች ወሰደ። ወረቀቱን ያየ አንድ ልጅ "ተሳስታችሁ ነው፤ ስሙን አቀያይሩት" አለን።

አልተሳሳትንም። ጨዋታው በ"ሴት" (set) ይከፈላል፤ አንዱ ሴት ደግሞ በጌሞች። ጆኮቪች ያሸነፈባቸው ሦስቱም ሴት (set) በታይብሬክ፣ ማለትም ጌሙ እኩል ሲሆን በሚደረግ መለያ፣ ያለቁ ናቸው፤ 7 ለ 5፣ 7 ለ 4፣ 7 ለ 3። በእነዚህ ሦስት ታይብሬኮች ጆኮቪች 21፣ ፌደረር 12 ነጥብ አገኙ። ታይብሬኮቹን ካወጣን በቀረው ጨዋታ ፌደረር 206 ለ 183 ይበልጣል። ከ422 ነጥብ 33ቱ ናቸው የወሰኑት። በመጨረሻው ሴት (set) ፌደረር በጌም 8 ለ 7 እየመራ፣ በራሱ ሰርቭ፣ ሁለት የዋንጫ ነጥብ ይዞ ነበር፤ ሁለቱም አመለጡት። በቴኒስ ብዙ ነጥብ ማግኘትና ማሸነፍ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ራሱ ፌደረር በ2024 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ሲናገር ከጨዋታዎቹ ወደ 80 በመቶ ያህሉን እንዳሸነፈ፣ ከነጥቦቹ ግን ያገኘው 54 በመቶውን ብቻ መሆኑን ተናግሯል።

የሠራውና ያልሠራው

ግማሽ ነጥብና እጅ ማውጣት አልሠሩም፤ ይህን አልደግመውም። ዓመት በ7 ወይም በ8 መቀነስም ለቴኒስ አይሠራም። የአውሮፓ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ የእኛ በመስከረም ይገባል። ዩኤስ ኦፕን የሚያልቀው ልክ ድንበሩ ላይ ነው። አንዳንዴ ከጳጉሜን ወዲህ፣ አንዳንዴ ወዲያ ይወድቃል። በ2004 እ.ኤ.አ. ፌደረር ያሸነፈው ፍጻሜ መስከረም 2 ቀን 1997 ላይ ዋለ፤ የ2008ቱ ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን 2000። ቀኑን ሳያዩ ዓመቱን ማወቅ አይቻልም።

የሠራው ደንቡን ከመልሱ በፊት መጻፍ ነው። ማራኪዎች የኒውዮርክን ሰዓት ያነሱት ደንቡ ከመጻፉ በፊት ስለነበር በመከራከሪያቸው ተከበሩ፤ ከተጻፈ በኋላ ግን ራሳቸው ተቀበሉት። ድምሩን ወደ 20 መመለስም ሠርቷል። ዲያቆኑን መጥራት ዕድል ነበር።

በከፊል የሠራው ውሳኔው ነው። ሳሙናበሮች እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል። ነጥብ ላላገኙበት ጥያቄ "ያደናገራቸው ጥያቄው ነው" የሚለው ምክንያት ለእነሱ ለምን እንዳልሠራ ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ኮሚቴው አጥጋቢ መልስ አልሰጣቸውም።

ለሌላ አዘጋጅ የሚጠቅሙ ነጥቦች

የውጭ ስፖርትን መዝገብ በእኛ ዓመት መጠየቅ ቢያምርም ወጥመድ ነው። መምህሩ አሁን ጥያቄውን የሚጽፈው "በ2006 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን" እያለ ነው። የእኛን ዓመት መጠቀም የፈለገ ቀኑን ያምጣ።

"ስንት?" ከሚል ጥያቄ ጋር ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር አብሮ ይጻፍ። ሳምንት ከሆነ በጠቅላላው ነው ወይስ ሳይቋረጥ? ድል ከሆነ ሳይጫወቱ የታለፉትስ? ዋንጫ ከሆነ በነጠላ ብቻ ነው? አንድ መስመር ይበቃል።

አዲስ የተገኘ ቁጥር ሲያስደስት ከልኩ በላይ እንዳይለጠጥ። "በአንድ ዓመት አራት ግራንድ ስላም" ሲባል አንዳንዱ ፌደረርን ከአውስትራሊያዊው ተጫዋች ሮድ ሌቨር ጋር ሊያስተካክለው ፈለገ። ሌቨር በ1962ና በ1969 እ.ኤ.አ. አራቱን የተለያዩ ውድድሮች በአንድ የውድድር ዘመን ጠራርጎ ወስዷል። የፌደረሩ 1998 ዩኤስ ኦፕንን ሁለት ጊዜ ይዟል፤ ፓሪስን አልያዘም። የሚያስደንቀው የቀን መቁጠሪያው አጋጣሚ ነው፤ አዲስ ክብረ ወሰን አይደለም።

ጥያቄ የጻፈው ሰው ብቻውን አያርመው። መልሱን ስለሚያውቅ ጥያቄውን እንደ እንግዳ አያነበውም። ማዕከሉ አሁን የጥያቄ ወረቀቱን ከመድረክ በፊት ለዚያ ባለ ሁለት ቀለም ደብተር ልጅ ይሰጠዋል። ቀኖቹን አዙሮ፣ ድምሩን ፈትሾ ይመልሳል። በዚህ ምክንያት መወዳደር አይችልም። የአዘዞ ልጆችም "ምርጡን ተጫዋቻችንን በሹመት ወሰዳችሁብን" እያሉ ያማርራሉ።